የተሸነፈ መሪ ወንበሩን ይለቅ ይሆን?

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው። ምርጫ የተሸነፈ መሪ ምን ያደርጋል? የተወሰኑትን መርጬ አንድ ላይ መልሻለሁ። ቀንና ዓመቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ስንከራከር ሰነበትን። አንድ መሪ ቢሸነፍ ሥልጣኑን በሰላም ያስረክባል ወይስ «አልወርድም» ይላል የሚለውን ምርጫው ሳይደርስ መገመት ይቻላል? እኔ የሰውየውን ፀባይ ማየት ይበቃል ባይ ነኝ። ትሑት ከሆነ ይወርዳል፤ ትዕቢተኛ ከሆነ አይወርድም። ምን ይላሉ? (አንድ የሒሳብ ሠራተኛ)

መልስ፦ ፀባይ ምንም አይነግረንም አልልም። ግን በፀባይ ብቻ ከተወራረዱ ይከስራሉ። ሁለት ሰዎች ላሳይዎት።

አንደኛው ሎራን ባግቦ ነው። የታሪክ መምህር ነበር። አይቮሪኮስት በአንድ ፓርቲ ስትገዛ «ሌላ ፓርቲም ይፈቀድ» እያለ የታገለ፣ ለዚህም የታሰረና የተሰደደ ሰው። ያለፈ ታሪኩን አይቶ የሚፈርድ ሰው ከእሱ የተሻለ ዴሞክራት ከየት ያመጣል? ሁለተኛው ኦጉስቶ ፒኖቼ ነው። በ1973 ቺሊ ውስጥ በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ያዘ። በእሱ ዘመን ከ3 ሺህ በላይ ሰው ተገድሏል ወይም የገባበት ጠፍቷል።

ባግቦ በ2010 ተሸነፈና አልወርድም አለ። በተከተለው ግጭት ወደ 3 ሺህ ሰው አለቀ። ፒኖቼ በ1988 ተሸነፈና ወረደ።

ፒኖቼ ልቡ ራርቶ አይደለም የወረደው። ያን ሌሊት ላጫውትዎት። ኦክቶበር 5 ቀን 1988 ነው። ሕዝቡ የተጠየቀው ጄኔራሉ ለተጨማሪ 8 ዓመት ይግዛ ወይስ አይግዛ የሚል ነበር። «ይሁን» ወይም «አይሁን» ብሎ መምረጥ ብቻ። ማታ ላይ መንግሥት «ይሁን እየመራ ነው» የሚል ጥቂት ውጤት አወጣና ዝም አለ። ሰዓቱ እየገፋ ሄደ፤ ዝምታው ግን ቀጠለ። ችግሩ ተቃዋሚዎቹ በየምርጫ ጣቢያው ወኪል አቁመው የራሳቸውን ቆጠራ ይዘዋል። «አይሁን» 56 በመቶ ገደማ አግኝቶ ማሸነፉን ያውቃሉ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የጁንታው አባላት ወደ ላ ሞኔዳ ቤተ መንግሥት ተጠሩ። የአየር ኃይሉ አዛዥ ፈርናንዶ ማቴይ በር ላይ ጋዜጠኞች ሲከቡት «አይሁን» ማሸነፉን ነገራቸው፤ ገባ። ውስጥ ፒኖቼ ልዩ ሥልጣን የሚሰጠው ወረቀት አዘጋጅቶ እየጠበቀ ነበር። ማቴይ አልፈርምም አለ። ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ።

ልብ ይበሉ፤ የጄኔራሉ ፀባይ ያን ሌሊት አልተለወጠም። ወረቀቱ ራሱ ምን አስቦ እንደነበር ይናገራል። ያቆመው ሌላ ነገር ነው። ቆጠራው በእሱ እጅ ብቻ አልነበረም። ጠመንጃ የያዙት ጓደኞቹም ከእሱ ጋር ገደል ለመግባት አልፈለጉም። ደግሞ መውረጃው ለስላሳ ነበር። ራሱ ያስጸደቀው ሕገ መንግሥት እስከ 1998 የጦር ሠራዊቱ አዛዥ ሆኖ እንዲቆይ፣ ከዚያም የዕድሜ ልክ ሴናተር እንዲሆን ይፈቅድለት ነበር። ሰውየው ቢወርድም መሬት አልነካም።

አሁን ወደ ባግቦ እንመለስ። ኖቬምበር 30 ቀን 2010 የምርጫ ኮሚሽኑ ቃል አቀባይ የመጀመሪያዎቹን ውጤቶች ሊያነብ ካሜራ ፊት ተቀመጠ። ከኮሚሽኑ አባላት አንዱ፣ የባግቦ ሰው፣ ወረቀቱን ከእጁ ነጥቆ ቀደደው። በቴሌቪዥን ዓለም ሁሉ አየው። ከሁለት ቀን በኋላ የኮሚሽኑ ሰብሳቢ አላሳን ዋታራ 54 በመቶ አግኝቶ ማሸነፉን ተናገረ። ወዲያው በባግቦ ወዳጅ የሚመራው ሕገ መንግሥታዊ ምክር ቤት የሰሜኑን የበርካታ አካባቢዎች ድምፅ ሰረዘና ባግቦን በ51 በመቶ አሸናፊ አደረገው። የመጨረሻዋን ማኅተም የሚመታው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ያየ ሰው ይህን ለመገመት ጠንቋይ መሆን አያስፈልገውም ነበር።

እኔ ምርጫ ሲቃረብ ከመሪው ፊት ይልቅ የማየው ይህን ነው። ድምፁ በየጣቢያው ተቆጥሮ ውጤቱ እዚያው ይለጠፋል ወይስ ኮሮጆው ተጭኖ አንድ አዳራሽ ይገባል? የመጨረሻውን ቃል የሚናገሩት እነማን ናቸው? ማን ሾማቸው? የጦር አዛዡ መሪው ከወረደ በኋላም የሚኖርበት ሥራና ክብር አለው ወይስ አብሮ ይጠፋል? መሪው ራሱ በማግስቱ የት ነው የሚያድረው? በቤቱ? በእስር? በስደት? የእነዚህ መልስ የተጣራ ከሆነ ግምቱ ከባድ አይደለም።

ስለ ፀባይ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ፀባይ የሚታየው ሌላው ነገር ሁሉ ሚዛኑ እኩል ሲሆን ነው። ወደ ናይጄሪያው ጉድላክ ጆናታን መጨረሻ ላይ እመጣለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። አንዳንድ መሪዎች ገና ከምርጫው በፊት «ካልተጭበረበረ በቀር አልሸነፍም» ይላሉ። ይሄ ዝም ብሎ የቅስቀሳ ወሬ ነው ወይስ የምር መውሰድ አለብን?

መልስ፦ የምር ውሰጂው። ከሁሉም ምልክት ቀድሞ የሚመጣው እሱ ነው። የተሸነፈ ሰው ሰበብ በአንድ ሌሊት አይፈጥርም። ሰበቡ ቀደም ብሎ መዘራት አለበት።

የብራዚሉን ዣይር ቦልሶናሮ ተመልከቺ። ብራዚል ከ1996 ጀምሮ በኤሌክትሮኒክ ማሽን ነው የምትመርጠው። እሱ ራሱ በዚያው ማሽን ተደጋግሞ ተመርጧል። በጁላይ 2022 ግን፣ ምርጫው ሳይደርስ፣ የውጭ አገር አምባሳደሮችን ቤተ መንግሥት ጠርቶ ማሽኑ አይታመንም ብሎ ሰበከ። ማስረጃ አልነበረውም። በኦክቶበር 30 በ50.9 ለ49.1 ተሸነፈ። ሁለት ቀን ዝም አለ። ከዚያ ወጥቶ ሁለት ደቂቃ ያህል ተናገረ፤ «ተሸንፌያለሁ» ግን አላለም። ዶናልድ ትራምፕም እንዲሁ ነው። በ2020 ከምርጫው በፊት ውጤቱን ትቀበላለህ ወይ ሲባል ቃል አልሰጥም ብሎ ነበር። ጃንዋሪ 6 ቀን 2021 ደጋፊዎቹ የአሜሪካን ምክር ቤት ሕንፃ ሰብረው ሲገቡ የሆነውን ታውቂያለሽ።

ቀጥሎ ያለውን ግን በጣም እንድታስተውይው እፈልጋለሁ። የቦልሶናሮ ፓርቲ በኖቬምበር 22 ለምርጫ ፍርድ ቤት አቤቱታ አስገባ። አሮጌዎቹ ማሽኖች ችግር ስላለባቸው በሁለተኛው ዙር በእነሱ የተሰጠው ድምፅ ይሰረዝ አለ። የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት አሌሻንድሬ ዴ ሞራይስ አንዲት ጥያቄ ብቻ መለሰላቸው። እነዚህ ማሽኖች በመጀመሪያውም ዙር አገልግለዋል፤ እንግዲያው የመጀመሪያውን ዙርም ጨምራችሁ በ24 ሰዓት ውስጥ አቅርቡ።

አየሽ ወጥመዱን? በመጀመሪያው ዙር ይኸው ፓርቲ 99 የምክር ቤት መቀመጫ አግኝቶ አንደኛ ወጥቷል። ማሽኑ ሌባ ከሆነ የእነሱም ወንበር የተሰረቀ ነው ማለት ነው። ፓርቲው የመጀመሪያውን ዙር አልነካም አለ። በማግስቱ አቤቱታው ውድቅ ሆነ፤ 22.9 ሚሊዮን ሬያል ተቀጡ።

ለእኔ ከብዙ ትንታኔ ይልቅ ይህ ታሪክ ያስተምረኛል። የተሸነፈ መሪ ብቻውን ምንም ማድረግ አይችልም። የሚፈርሙለት፣ የሚያውጁለት፣ የሚተኩሱለት ሰዎች ያስፈልጉታል። እነዚያ ሰዎች በዚያው ምርጫ ራሳቸው አትርፈው ከሆነ ሁሉን ነገር አብረው ለማፍረስ ልባቸው አይደፍርም። የምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ፣ የቦልሶናሮ አጋር፣ ለውጤቱ እውቅና የሰጠው በዚያው ሌሊት ነበር። የቦልሶናሮ የቀድሞ ሚኒስትርም በዚያው ቀን፣ በዚያው ማሽን፣ የሳኦ ፓውሎ አገረ ገዥ ሆኖ ተመርጧል።

ይህ ግን ዋስትና አይደለም። አሜሪካ ውስጥም የትራምፕ ፓርቲ በ2020 በተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫ ጨምሮ ነበር። እንዲያም ሆኖ ከመቶ በላይ የፓርቲው እንደራሴዎች ውጤቱን ተቃውመው ድምፅ ሰጡ። እዚያ ነገሩን ያቆሙት ዳር ላይ የነበሩ ሰዎች ናቸው። የጆርጂያ ክፍለ ግዛት ምርጫ አስፈጻሚ የፓርቲው ሰው ነበር፤ 11,780 ድምፅ ፈልግልኝ ተብሎ በስልክ ሲለመን እምቢ አለ። ምክትል ፕሬዚዳንቱም እምቢ አለ። ስለዚህ ፖለቲካ የምታጠኚ ከሆነ የመሪውን ንግግር ብቻ አትከታተዪ። ሁለተኛና ሦስተኛ ረድፍ ላይ የተቀመጡትን ስም ዝርዝር ያዢ።

ጥያቄ፦ መሪው ደውሎ «እንኳን ደስ ያለህ» ካለ በኋላ ነገሩ አለቀ ማለት ነው? ቃሉን የበላ አለ? (አንዲት የቤት እመቤት)

መልስ፦ አለ። ያህያ ጃሜ ይባላል።

ጋምቢያን በ1994 በመፈንቅለ መንግሥት ያዘ። በ2011 ፈጣሪ ከፈቀደ ቢሊዮን ዓመት እገዛለሁ ያለ ሰው ነው። ጋምቢያ ውስጥ ያኔ የሚመረጠው በብይ ነበር። ለእያንዳንዱ ዕጩ ቀለም የተቀባ በርሜል አለ። መራጩ አንዲት ብይ ይሰጠውና ወደ ክፍሉ ገብቶ በሚፈልገው በርሜል ውስጥ ይጥላል። ብይዋ ስትገባ ውስጥ ያለ ደወል «ቅጭል» ይላል። ሁለት ጊዜ ከጮኸ አንድ ሰው ሁለት ድምፅ ሰጠ ማለት ነው። በ2016 ደግሞ አንድ አዲስ ነገር ተጨመረ። ቆጠራው እዚያው በየጣቢያው፣ ታዛቢዎች እያዩ እንዲሆን ተወሰነ። እኔ ትልቁ ነገር እሱ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ምርጫው ዲሴምበር 1 ነበር። በማግስቱ ጃሜ በቴሌቪዥን ቀርቦ ሽንፈቱን ተቀበለ። ለአሸናፊው አዳማ ባሮው ደወለለት፤ እየሳቀ ነበር። ሰዉ ጎዳና ወጥቶ ጨፈረ። በዲሴምበር 9 ተመልሶ ቀረበና ውጤቱን አልቀበልም አለ።

በመሃል ባሉት ቀናት ሁለት ነገር ሆነ። የምርጫ ኮሚሽኑ የቆጠራ ስሕተት አግኝቶ ውጤቱን አረመ። ባሮው አሁንም አሸናፊ ነው፤ ልዩነቱ ግን ከ50 ሺህ በላይ የነበረው ወደ 19 ሺህ ወረደ። ይህ ለጃሜ ሰበብ ሰጠው። ሰበብ ግን ምክንያት አይደለም። ምክንያቱ ሌላኛው ይመስለኛል። ከአሸናፊው ጥምረት መሪዎች አንዷ ለአንድ የውጭ ጋዜጣ ጃሜ ዓመት ሳይሞላው ለፍርድ እንደሚቀርብ ተናገረች። ይህ ሲነገር ሰውየው ገና ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። ጦሩም በእጁ ነው። በሁለት ቀን ውስጥ ሐሳቡን ቀየረ። ለባሮው ታማኝ ነኝ ብሎ የነበረው የጦር አዛዥም አብሮት ዞረ።

በጃንዋሪ 2017 የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ጦር ድንበሩን ባይሻገር ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ባሮው ቃለ መሐላ የፈጸመው ዳካር በሚገኘው የጋምቢያ ኤምባሲ ውስጥ ነው። ጃሜ በጃንዋሪ 21 ወደ ኢኳቶሪያል ጊኒ በረረ።

ስለዚህ እመቤቴ፣ የስልኩ ጥሪ ጥሩ ምልክት ነው። በተለይ ኦፊሴላዊው ውጤት ሳይነገር ሲመጣ ደጋፊዎቹን ያበርዳል። ሴኔጋል ውስጥ አብዱላይ ዋድ በ2000 ከተሸናፊው ፕሬዚዳንት ስልክ ተደወለለት፤ በ2012 ደግሞ ራሱ ተሸንፎ በዚያው ሌሊት ለማኪ ሳል ደወለ። ደስ የሚል ልማድ ነው። ነገር ግን ከጥሪው እስከ ርክክቡ ያለው ጊዜ ረጅም ከሆነ አይዘናጉ። ቦትስዋና በ2024 ይህን ችግር አላየችም። ምርጫው ኦክቶበር 30፣ ፕሬዚዳንት ማሲሲ ሽንፈቱን የተቀበለው ኖቬምበር 1 ጠዋት፣ አዲሱ ፕሬዚዳንት የማለው በዚያው ቀን። የተሸነፈው ከ1966 ጀምሮ የገዛ ፓርቲ ነበር።

ጥያቄ፦ ፍርድ ቤት መሄድስ? ተሸናፊው ከከሰሰ ሽንፈቱን አልተቀበለም ማለት ነው? (ስሜ አይጠቀስ ያለ አንባቢ)

መልስ፦ አይደለም። መክሰስ መብቱ ነው። ጋና ውስጥ ናና አኩፎ-አዶ በ2012 ተሸንፎ ከሰሰ። ክርክሩ እስከ ኦገስት 2013 ቆየ። ተፈረደበት፤ ተቀበለ። በ2016 አሸነፈ። ያኔ የተሸነፈው ማሃማ ደግሞ በ2024 ተመልሶ አሸነፈ። ተመልሶ መምጣት እንደሚቻል የሚያውቅ ሰው ቤቱን አያቃጥልም።

ክሱ ሥልጣን ላይ ያለውን ሰው ድል የሚነካ ሲሆን ደግሞ ዳኞቹን ይመልከቱ። በማላዊ ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2020 አምስት ዳኞች ጥይት የማይበሳው ሰደርያ ለብሰው፣ በወታደር ታጅበው ችሎት ገቡ። የፕሬዚዳንቱን ድል ሰረዙት። በጁን፣ ድጋሚ ምርጫው ሊደርስ ሲል፣ መንግሥት ዋናውን ዳኛ ጡረታ ሳይደርስ እረፍት ላስወጣው ብሎ ሞከረ፤ አልሆነለትም። ፕሬዚዳንት ሙታሪካ በድጋሚ ምርጫው ተሸንፎ ወረደ። በ2025 ደግሞ ሕዝቡ መልሶ መረጠው።

ጥያቄ፦ ባለፈው ተሸናፊን ማስፈራራት እንደማይጠቅም ጽፈው ነበር። እኔ ወንድሜን በአምባገነን ዘመን ያጣሁ ሰው ነኝ። ገዳይ በሰላም እንዲወርድ ተብሎ ይቅር ይባል? ይህ ፍትሕን መሸጥ አይደለም? (አንድ አባት)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህን ጥያቄ አንብቤ ቶሎ ለመመለስ አልቻልኩም። ለእርስዎ «ይርሱት» ማለት አልችልም፤ አልልምም።

የምለው ስለ ጊዜው ነው። ጠመንጃውን ገና ያላስረከበ ሰው ፊት የክስ ዝርዝር ማንበብ ሌላ ወንድም ያስገድላል። ዝም ማለት ግን ይቅር ማለት አይደለም። ፒኖቼ ያን ሁሉ ከለላ አደራጅቶ ወረደ። በኦክቶበር 1998 ለንደን ውስጥ ለሕክምና በሄደበት ተያዘ። በኋላም አገሩ ውስጥ ያለመከሰስ መብቱ ተነስቶ ተከሷል። እርግጥ ነው፣ በ2006 የሞተው ሳይፈረድበት ነው፤ ይህ እርስዎን እንደሚያንገበግብዎ አውቃለሁ። ጋምቢያም ጃሜ ከሄደ በኋላ የእውነት ኮሚሽን አቋቁማለች። የተገደሉት ሰዎች ቤተሰቦች በቴሌቪዥን ቀርበው ተናገሩ፤ ገዳዮችም ቀርበው አመኑ። ሰውየው ቤተ መንግሥት ውስጥ እያለ ይህ የሚሆን አይመስለኝም።

ደግሞ ሳይገድል በሰላም የወረደውን ማሳደድ ሌላ ጣጣ አለው። ኬነስ ካውንዳ ዛምቢያን ከ27 ዓመት በኋላ በ1991 ተሸንፎ በጸጋ አስረከበ። አሸናፊው ፍሬድሪክ ቺሉባ ምን አደረገ? በ1996 ወላጆቹ ዛምቢያ ያልተወለዱ ሰው ለፕሬዚዳንትነት እንዳይወዳደር ሕገ መንግሥቱን አስቀየረ፤ የካውንዳ ወላጆች የመጡት ከማላዊ ነው። በ1997 የገና ዕለት ካውንዳ ታሰረ። በ1999 አንድ ፍርድ ቤት ዜግነት የለህም አለው፤ በኋላ ተሽሯል። የነጻነት አባት ነው እንዲህ የተደረገው። ይህን ያየ ሌላ መሪ ሲሸነፍ ምን ያስባል?

ጉድላክ ጆናታንን ቀጠሮ ሰጥቼበት ነበር። ማርች 31 ቀን 2015 ቆጠራው ገና አላለቀም። ጠዋት የራሱ ፓርቲ ወኪል ማይክ ይዞ፣ ካሜራ ፊት፣ ቆጠራውን ለማስቆም ጮኾ ነበር። የኮሚሽኑ ሰብሳቢ አታሂሩ ጄጋ ሰምቶ እስኪጨርስ ጠበቀና ሥራውን ቀጠለ። ዙሪያውን የነበሩት ሁሉ «ውረድ» የሚሉ አልነበሩም። ከቀኑ 11 ሰዓት ካለፈ በኋላ ጆናታን ለሙሐማዱ ቡሃሪ ደውሎ እንኳን ደስ አለህ አለው። ናይጄሪያ ውስጥ ሥልጣን ላይ ያለ ፕሬዚዳንት በምርጫ ሲሸነፍ የመጀመሪያው ነው። እዚህ ላይ የሰውየውን ፀባይ ዋጋ እሰጠዋለሁ።

አልታሰረም፤ አልተሰደደም። በ2020 ማሊ ቀውስ ውስጥ ስትገባ የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ማኅበር ሽማግሌ አድርጎ የላከው እሱን ነው። ወንድምዎን ለገደለው እንዲህ ያለ ክብር ይሰጠው አልልም። ለእሱ የሚገባው ችሎት ነው። ግን ችሎቱ የሚመጣው ቁልፉ ከእጁ ከወጣ በኋላ ነው፤ ማስረጃዎን፣ ቀኑን፣ የምስክሮቹን ስም እስከዚያ ጽፈው ያቆዩ።